ከመግሪብ በፊት ማዕድ፦ ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት የምግብ ሰዓት መመሪያ

ከሚሴ አካባቢ በጨፋ ሮቢት ለምትኖር ሴት ስለ ጾም ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ረመዳንን ትጾማለች፤ የሸዋልን ስድስት ቀን የምትጨምር፣ ሰኞና ሐሙስን የምትይዝም አለች። ክርስቲያን ጎረቤቷም ረቡዕና ዓርብ አለባት፣ ሁዳዴ አለባት። ስለዚህ ፒሲኦኤስ፣ በሙሉ ስሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ያለባት ሴት «በቀን የምትበይበትን ሰዓት አሳጥሪ» የሚል ምክር ስትሰማ የምታነሳው ጥያቄ ትክክል ነው፦ ጾም የሚያድነኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ መች ታምሜ እቆይ ነበር? ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። ሳይበሉ የሚቆዩበት ሰዓት መርዘሙ ብቻውን ብዙ አያራምድም፤ ያ ባዶ ሰዓት ከቀኑ በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚውል ማየት ያስፈልጋል። ጠዋቱን በሻይ አልፈሽ፣ ቀኑን በቡና ገፍተሽ፣ ዋናውን ምግብ ማታ 3 ሰዓት ላይ የምትበይ ከሆነ ሰውነትሽ ምግብን በሚገባ ሊያስተናግድ የሚችልበትን ሰዓት ባዶ አድርገሽ፣ በሚደክምበት ሰዓት ትሞይዋለሽ ማለት ነው።

በሽታው ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይታወቅላቸው እንደሚኖሩ ይገምታል። ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1935 ሲገልጹት ትኩረታቸው እንቁልጢው ላይ ነበር፤ ስሙም በዚያው ቀረ። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ጥቃቅን ከረጢቶች ግን ሴቶች እንደሚፈሩት ዕጢ አይደሉም፤ ሳይበስሉ የቀሩ የእንቁላል ቋቶች ናቸው። በብዙዎቹ ታማሚዎች ከጀርባ ያለው ኢንሱሊን ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል፤ የበዛው ኢንሱሊን እንቁልጢውን ቴስቶስትሮን አምርት እያለ ይገፋፋዋል፤ ጉበት ደግሞ ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል። የወር አበባ መዘግየቱ፣ የአገጭ ፀጉሩ፣ ብጉሩ፣ ለመፀነስ መቸገሩ ከዚህ ይመጣል። የሰዓቱ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ስኳርን በሚገባ የሚያስተናግደው ጠዋት ነው፤ እየመሸ ሲሄድ ይደክማል። ያው አንድ እንጀራ ማታ ሲበላ የደም ስኳርን ከጠዋቱ ይልቅ ከፍ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው? በልኩ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የቻይና ጥናት ክብደታቸው ከፍ ያለ፣ እንቁላል መልቀቅ ያቆሙ 18 የፒሲኦኤስ ታማሚዎች ለአምስት ሳምንት ያህል ምግባቸውን በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበሉ ተደረገ፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ከጨረሱት 15 ሴቶች የ11ዱ የወር አበባ መዛባት ተሻሻለ፤ ክብደታቸው፣ ኢንሱሊናቸውና ቴስቶስትሮናቸውም ቀነሰ። ጥሩ ዜና ነው፤ ነገር ግን ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድንም አልነበረም። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚስበው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የእስራኤል ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ፒሲኦኤስ ያለባቸው 60 ቀጭን ሴቶች ለ90 ቀን በቀን እኩል 1800 ካሎሪ በሉ። ልዩነቱ ግማሾቹ ትልቁን ምግብ ቁርስ ላይ፣ ግማሾቹ እራት ላይ ማድረጋቸው ብቻ ነበር። ቁርስን ባከበዱት ላይ ኢንሱሊን ከግማሽ በላይ ወረደ፣ ነጻው ቴስቶስትሮን በግማሽ ቀነሰ፣ እንቁላል የሚለቁትም በዙ፤ እራትን ባከበዱት ላይ ይህ አልታየም። መጠኑ አልተነካም፤ የተነካው ሰዓቱ ነበር።

አሁን ወደ ረመዳኑ ጥያቄ እንመለስ። በኢራን ካሻን ከተማ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የረመዳን ጾም በደም ስኳራቸውና በኢንሱሊናቸው ላይ ለውጥ እንዳላመጣ ዘግቧል። ይህ ከቻይናው ውጤት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ሰዓቱን ላየው ግን አይጋጭም። በእኛ አካባቢ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ያለው ጊዜ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ይሆናል። በሰዓት ብዛት ከታየ የረመዳን የመብያ ጊዜ እዚህ መመሪያ ላይ ከሚመከረው 10 ሰዓት ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ አቅጣጫው ግን ተገልብጧል፤ የእንቅልፍ መቆራረጥም ይጨመርበታል። ሁለቱን ጥናቶች በቀጥታ ማወዳደር ባይቻልም አንድ ነገር መገመት ይቻላል፦ ጾም ለአላህ ወይም ለእግዚአብሔር የሚቀርብበት ምክንያት የራሱ ነው፤ እንደ ሕክምና ሲመዘን ግን ሌሊት መብላት ጥቅሙን ሳያሳንስበት አይቀርም። ከዚህ በታች የሚቀርበውም ዒባዳ አይደለም። ውሃ ይጠጣበታል፣ መድኃኒት ይዋጥበታል፣ ሲያምሽ ይቋረጣል፤ ቀዷም የለበትም።

የመጀመሪያው እርምጃ ምርመራ ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የወር አበባ ሲቀር አስቀድሞ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ። የሦስት ወር መርፌ የምትወጊ ወይም ክንድሽ ላይ የተቀበረ መከላከያ ያለሽ ከሆነ የወር አበባሽ የጠፋው በዚያ ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ከቆመ በኋላም ወራት ይፈጃል። የታይሮይድ መታወክና ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን መብዛትም ዑደቱን ያዛባሉ። ሐኪሞች ፒሲኦኤስ የሚሉት እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም በተስማሙበት መሠረት ከሦስቱ ምልክቶች ሁለቱ ሲገኙ ነው፦ የተዛባ ዑደት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ እንቁልጢው በአልትራሳውንድ ሲታይ ብዙ ቋቶች መያዙ። የተዛባ የሚባለው ከ21 ቀን ያጠረ ወይም ከ35 ቀን የረዘመ፣ አለዚያም በዓመት ከስምንት ጊዜ ያነሰ ነው። ዑደቱ ተዛብቶ አገጭና ደረት ላይ ጠንካራ ፀጉር ካለ አልትራሳውንድ የግድ አይደለም፤ ይህ ከጨፋ ሮቢት ከሚሴ ወይም ደሴ ድረስ ለሚወጣ ገንዘብና ቀን ትርጉም አለው። ገና የወር አበባ ካየች ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ደግሞ በአልትራሳውንድ ብቻ «አለብሽ» ልትባል አይገባም፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ቋት መታየቱ የተለመደ ነው።

ከሁሉ በላይ መለየት ያለበት ግን በረሃብ የቆመ የወር አበባ ነው። ሰውነት ምግብ ሲያንሰው፣ ሥራ ሲበዛበትና ሐሳብ ሲያጨናንቀው አእምሮ ለእንቁልጢው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ የወር አበባም ይጠፋል። እንዲህ ያለች ሴት አልትራሳውንድ ብትነሳ እንቁልጢዋ ልክ እንደ ፒሲኦኤስ ብዙ ቋት ይዞ ሊታይ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ምስል ቢመሳሰሉም መድኃኒታቸው ተቃራኒ ነው፤ ይችኛዋ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ምግብ ነው፤ ሰዓት አሳጥሪ ብትባል የባሰ ትጎዳለች። ዝናብ በሚያጥርበትና ኑሮ በተወደደበት አካባቢ ይህን ሳይለዩ ጾምን ማዘዝ አደጋ ነው። ስለዚህ ክብደትሽ ለቁመትሽ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ በቅርቡ ከስተሽ ከሆነ፣ ፊትሽና ደረትሽ ላይ ፀጉር ሳይኖር የወር አበባሽ ብቻ ከጠፋ፣ ይህን መመሪያ እዚህ ላይ አቁመሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ገና በማደግ ላይ ያለች ልጅ፣ በምግብ ጉዳይ ራሷን የምታስጨንቅ ወይም በልታ የምታስመልስ ሴትም አይገቡበትም። ለስኳር ኢንሱሊን የምትወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትውጥ ሴት ሐኪሟ መጠኑን ሳያስተካክልላት ብትጀምር ስኳሯ በድንገት ሊወርድባት ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን ያህል አያሰጋም፤ ከምግብ ጋር መወሰዱ ግን አይቅር፣ ሆድን ስለሚያውክ።

ምርመራው ከተረጋገጠ ቀጥሎ አንድ ሳምንት ምንም ሳትለውጪ መዝግቢ። አንድ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ የመጀመሪያውን ጉርሻ የቀመስሽበትን ሰዓትና የመጨረሻውን ጻፊ። ስኳር ያለው ሻይ ምግብ ነው። የቡና ቁርሱም ምግብ ነው፤ ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ ቁራሽ ዳቦው ሁሉ ይቆጠራል። ልጆቹ ያስተረፉት ጉርሻም እንዲሁ። ብዙ ሴቶች «በቀን ሁለቴ ነው የምበላው» ይሉና ደብተሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት አፋቸው እንዳላረፈ ያሳያል። የወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀንም እዚያው ይጻፍ፤ ወገብሽንም በእምብርትሽ በኩል ለኪና አስፍሪ። ከሦስት ወር በኋላ የምትፈርጂው በዚህ ነው፤ ትዝታ አይታመንም።

ከዚያ ሰዓቱን ከኋላ በኩል ዝጊ። ዘዴው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ብዙ ሴቶች ቀላል ስለሚሆንላቸው ቁርስን ይዘላሉ፤ 16 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ማለት እስከ ቀትር መቆየት ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው አሠራር በአሜሪካ በ116 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲታተም፣ ከቀትር እስከ ማታ 2 ሰዓት የበሉት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ሦስቴ ከበሉት ይልቅ የረባ ክብደት አልቀነሱም። አንቺ ግን ሰዓቱን መዝጋት የምትጀምሪው ከመግሪብ በኩል ነው። በዚህ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12፡45 ገደማ ባለው ውስጥ ስለሆነ አዛኑ ከማንኛውም የስልክ ማስታወሻ የተሻለ ምልክት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ብይ፤ ይህ 12 ሰዓት ነው፤ ማታ መቅመሱን ከማቆም በቀር ብዙም አያስቸግርም። ቀጥሎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ መግሪብ፣ ማለትም ወደ 10 ሰዓት ገደማ አድርጊው። እዚህ ላይ መቆም በቂ ነው። ወደ 8 ሰዓት መውረድ የምትችል ትውረድ፤ ነገር ግን ለዚያች ሁለት ሰዓት ብላ ከቤተሰቧ ገበታ የተለየች፣ ደክማ የምትውል ከሆነ ትርፉ ኪሳራ ነው። ከመግሪብ በኋላ ውሃ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ይፈቀዳል፤ ቡናው ግን እንቅልፍ ስለሚነሳ ከአስር ሶላት በፊት ይለቅ።

«እራት የቤተሰብ ነው፤ ባልና ልጆች ሲቀርቡ እኔ ልቀመጥ?» የሚለው ትልቁ ተቃውሞ ነው፤ ችላ የሚባልም አይደለም። አንዱ መፍትሔ እራቱን ራሱን ማስቀደም ነው፤ ከመግሪብ በፊት ወይም ሶላቱ እንዳለቀ ወዲያው መብላት ባልንም ልጆችንም የሚጎዳ ነገር የለውም። ይህ ካልሆነ ምሳሽን ዋና አድርገሽ ከገበታው ላይ ጥቂት ጎርሰሽ መነሳት ይቻላል። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ዱዓ ሲኖር የሰው ቤት አክብሪ። በሳምንት አምስት ቀን የያዝሽው ሰዓት አንድና ሁለት ቀን ቢፈርስ የቀረው ከንቱ አይሆንም። ከባሏ ተደብቃ የምታደርገው ነገር እንዳይሆን ምክንያቱን ብትነግረውም ይመረጣል፤ ልጅ መዘግየት ሁልጊዜ በሴቷ ላይ በሚላከክበት ቤት ደግሞ እሱም መመርመር እንዳለበት አብሮ ይነገር።

ሰዓቱ ውስጥ የሚገባው ምግብ ምን ይሁን? እዚህ ላይ ተአምር አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ አንዱ የአመጋገብ ዓይነት ከሌላው ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ እንዳላገኘ በግልጽ ይናገራል። ማሽላው ጠላትሽ አይደለም፤ ጤፉም አይደለም። የሚለወጠው ወጡ መብዛቱና እንጀራው መቀነሱ፣ ከሁሉ በላይ ግን ከበድ ያለው ምግብ ወደ ጠዋት መምጣቱ ነው። ቁርስሽ ሻይና ብስኩት ከሆነ እስከ ማታ አይይዝሽም። እንቁላል፣ እርጎ ወይም ወተት፣ የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ፣ ከትናንት የተረፈ ምስር ወጥ ይሁን። ማሾ በዚህ አካባቢ ለገበያ ተብሎ ይዘራና ጆንያው ሙሉ ወደ ነጋዴ ይሄዳል፤ ከዚያ ላይ ለቤት የሚቀር ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር። ስኳሩን ግን ሳትራሪ ቀንሺ። በአንድ ሲኒ ሁለት ማንኪያ የምትጨምር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ በቀን ሁለቴ የምታፈላ ሴት በሲኒ ብቻ 12 ማንኪያ ትጠጣለች።

ጫትን ሳያነሱ በከሚሴ ዙሪያ ስለ ምግብ ሰዓት መጻፍ ማስመሰል ይሆናል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከምሳ በኋላ የተቀመጠችበት ሴት እስከ ምሽት አይርባትም፣ ምርቃናው ሲበርድ ግን ማታ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ረሃቡ ተጠራቅሞ ይመጣል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ቀጥሎ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ይህ ዘዴ ሊያስወግድ የሚሞክረውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይሰበስባል። መተው የምትችይ ተይው። የማትችይ ከሆነ ምሳሽን ሳትበይ አትቀመጪ፣ ለስላሳውን በውሃ ለውጪ፣ ከመግሪብ በፊትም ባይርብሽ ጥቂት ብይ። ሌሊት እንዳትነሺ የሚያደርግሽ እሱ ነው።

ረመዳን ሲመጣ ይህ ሰዓት ይቆማል፤ ከሃይማኖቱ ጋር ለማስታረቅ መጣር አያስፈልግም። ጉዳቱን መቀነስ ግን ይቻላል። በአንድ ሁለት ቴምርና በውሃ አፍጥሪ፣ ዋናውን ምግብ ከተራዊህ በፊት ጨርሺ፣ ከተራዊህ በኋላ ሳምቡሳና ጣፋጭ እየቀማመሱ ማምሸት ይቅር። ሰሁር በሻይና በዳቦ አይታለፍ፤ እንቁላልና ወተት ወይም ንፍሮ ይኑርበት። ሜትፎርሚን የምትወስጂ ከሆነ በማፍጠሪያና በሰሁር እንዴት እንደሚከፈል ከረመዳን በፊት ጠይቂ። ክርስቲያኗ አንባቢ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ በዚያ ቀን ሌላ ገደብ አትጨምር፤ ከ9 እስከ ማታ 2 ሰዓት ሁለት ጊዜ በደንብ ትብላ፣ ሽሮና ምስሩ ከዘይቱ ይብለጥ።

«ይህ ሁሉ ከምግብ መቀነስ በምን ይለያል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጠንካራ ነው። በቻይና ጓንግዡ ከልክ ያለፈ ውፍረት ባላቸው 139 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት፣ ካሎሪ ቀንሰው በ8 ሰዓት ውስጥ የበሉትና ያለ ሰዓት ገደብ ካሎሪ ብቻ የቀነሱት ያጡት ክብደት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ስለዚህ ክብደትን በተመለከተ ሰዓቱ አስማት የለውም። ሁለት ጥቅም ግን ይቀርለታል። አንደኛው፣ ካሎሪ መቁጠር ከአንድ ትሪ በጋራ በሚበላበት ቤት የማይሆን ነገር ነው፤ «መግሪብ ካለፈ አልበላም» ማለት ግን ማንም ይችላል። ሁለተኛው፣ የኢንሱሊኑ ጉዳይ ክብደት ሳይቀንስም የሚለወጥ መሆኑ በቀጫጭኖቹ ሴቶች ጥናት ታይቷል። ክብደት ላለባት ደግሞ ብዙ አይጠበቅባትም፤ 5 በመቶ፣ ማለትም 70 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 3 ኪሎ ተኩል፣ ብዙ ጊዜ ዑደትን ለማንቀሳቀስ ይበቃል። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድም አለ። ውሃ የምትቀዳ፣ ማሳ የምትውል ሴት ይህን ከሞላች ቆይታለች፤ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ለምትውለዋ ነው የምናገረው።

ሦስት ወር ሲሞላ ደብተሩን ክፈቺ። ዑደትሽ ካጠረ፣ ወገብሽ ከቀነሰ ቀጥይ። የደም ስኳርሽም ይታይ፤ ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት በባዶ ሆድ የሚወሰደው ብቻውን ሊያመልጠው ስለሚችል 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ቢገኝ ይሻላል። የፊት ፀጉር በዚህ ጊዜ አይለወጥም፤ ቢያንስ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም መድኃኒት ይፈልጋል። ራስሽን ካዞረሽ፣ ካንቀጠቀጠሽ፣ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ራስሽን መግታት እያቃተሽ ከመጣ፣ ወይም የነበረው የወር አበባሽ ጭራሹን ከጠፋ አቁሚ። የወር አበባ ሳታዪ 90 ቀን ካለፈሽ ሰዓቱን ብትጠብቂም ባትጠብቂም ወደ ሐኪም ሂጂ፤ የማህፀን ግድግዳ ሳይራገፍ ለረጅም ጊዜ ሲወፍር ለካንሰር ሊዳርግ ስለሚችል በመድኃኒት እንዲወርድ መደረግ አለበት። አንድ ዓመት ሞክራ ያልፀነሰች ሴትም ሰዓት እያስተካከለች ዕድሜዋን ማሳለፍ የለባትም፤ ሌትሮዞል የተባለው እንቁላል የሚያስለቅቅ ክኒን ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ ነው።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። «አንቺ አትፀንሺም» ተብላ መከላከያ የተወች ሴት ሰዓቷን ባስተካከለች በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እንቁላል መልቀቅ ልትጀምር ትችላለች፤ የመጀመሪያው እንቁላል ደግሞ ከመጀመሪያው የወር አበባ ቀድሞ ስለሚወጣ ምልክት ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ መከላከያውን ዘዴውን ከመጀመርሽ በፊት ያዢ። የምትፈልጊ ከሆነ ፎሊክ አሲድ አስቀድመሽ ጀምሪ፤ ምርመራው እርግዝና ካሳየ በዚያው ዕለት የሰዓት ገደቡን ትተሽ ክትትል ጀምሪ፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶችም ሁሉ ይዘሽ ሄደሽ አሳዪ።